የአቶ ሌላ መንገድ ስክሪንሹት

በየቤተሰቡ ሌላ መንገድ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ጎረቤት ያዋጣል እንጂ፣ ያለ እሱ የሚኖር ቤት የለም። በር ሲከፈት ከኋላ ቆሞ፣ “እንደሱም ይከፈታል፤ ግን ሌላ መንገድ አለ” ይላል። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ጫማ ሲታሰር፣ ሕፃን ሲታቀፍ፣ ሌላ መንገድ አለ። ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ድሮ በተገላገልነው። መከራው ደግ መሆኑ ነው።

ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሷት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤተሰቡ በሌሉበት “አቶ ሌላ መንገድ” ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ልጆቻቸው ዘመናዊ ስልክ ገዙላቸው። እግዜር ልጆቹን ይቅር ይበላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክቡርነታቸው የስክሪንሹት ሊቅ ሆኑ። በስልኩ መደወል ብዙም አይወዱም። የሚወዱት ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ማስቀረት ነው፤ ከዚያ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ እንዴት እንደሚቀር ለሰው ማሳየት።

“ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ጫን። ቻክ! አየህ? ይሄ የጀማሪ ነው። ሌላ መንገድ አለ።”

በሦስት ጣት ወደ ታች መጎተት አለ። በመዳፍ ጠርዝ ስክሪኑን መጥረግ አለ። ከላይ መጋረጃውን አውርዶ ምልክቷን መንካት አለ። የስልኩን ጀርባ ማንኳኳት አለ፤ “የሰው በር እንደምታንኳኪ፣ በትሕትና።” በቃል ማዘዝም አለ። ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠችን ሴት አስተምረው ተራዋ አልፏታል። በሠርግ ላይ ፎቶ አንሺውን አስቁመው አስተምረዋል፤ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ጠበቁ።

የታናሽ ወንድማቸው ዕጣ ከሁሉም የከፋ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ጫማውን ሳያወልቅ ትምህርቱ ይጀመራል። እሱም ድካሙን ይዞ ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጥና፣ “እንዴት ነበር? እስቲ እንደገና አሳየኝ ጋሼ” ይላል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች።

ሹፌሩ በክረምቱ መግቢያ ሞተ። ስለዚያ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ለሚስቱ ስልኩ ቀረላት። የእሷ የድሮ ስልክ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ አዲስ ገዝታ ስለነበር፣ ሁለቱ የተጻጻፉት ሁሉ ያለው በእሱ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ትልቅ ነገር አልተጻጻፉም። “ገብቻለሁ።” “በላሽ?” “ወደዚያ ዝናብ እየመጣ ነው፤ ልብሱን አስገቢ።” እሷ ግን ማታ ማታ እነሱን ሳታነብ አትተኛም። አንድ ቀን ከስክሪኑ አናት ጥቁረት መውረድ ጀመረ፤ ልክ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም።

ስልክ ጠጋኙ አገላብጦ አየውና መለሰላት። “ለዚህ ስልክ ዕቃ አይገኝም። ስክሪኑ ሳይሞት የምትፈልጊውን አስቀሪ። እንዳታጠፊው ብቻ፤ ከጠፋ አይነሳም።”

እሷ ስክሪንሹት ማንሳት መች አጣች? ችግሩ የስልኩ ድምፅ መቀነሻ ተሰርጉዶ ከቀረ መቆየቱ ነው። እጅ እግሯ ቢተሳሰር ለዋርሳዋ ደወለች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አቶ ሌላ መንገድ ሻይዋን አፍልታ ሳትጨርስ ደረሱ።

“አይዞሽ፣ አንቺ ልጅ። አንዱ እንቢ ቢል ሌላው አለ።”

“ጋሼ፣ እንዳይጠፋ ብቻ። ከጠፋ አይነሳም ብሎኛል።”

“ለማን ነው የምትነግሪው?” አሉና ሁለቱን ቁልፎች በአንድነት ጫኑ። የተሰረጎደው አልሰማም፤ ማብሪያው ብቻ ሰማ። ስልኩ “ይጥፋ?” ብሎ ጠየቀ።

“አይጥፋ!” ብላ ጮኸች፣ ሰው እንደጠየቃት።

በሦስት ጣት ጎተቱ። የስክሪኑ አናት በድን ስለሆነ ጣታቸውን አላወቀውም። መጋረጃውም የሚወርደው ከዚያው ከበድኑ በኩል ነው። ጀርባውን በትሕትና አንኳኩ፤ ማንም አልከፈተም፤ ጥቁረቱ ግን አንድ ጣት ያህል ወረደ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ በሚያዙበት ድምፅ “ስክሪኑን አንሳ!” አሉት። ስልኩ ጥቂት አሰበና ነገ ዝናብ እንደሚጥል አሳያቸው።

“ጋሼ፣ ይተዉት በቃ።”

“የመዳፉ ቀርቷል። የመዳፉ አሳፍሮኝ አያውቅም።” የእጃቸውን ጠርዝ አስተካክለው ጠረጴዛ እንደሚያጸዳ ሰው ጠረጉት። አንዴ ሲጠርጉ አንዲት መልእክት ተመረጠች። “ትሰረዝ?” የሚል ጥያቄ መጣ። ሳያነቡት ደግመው ሲጠርጉ መዳፋቸው “አዎ” አለ።

“ድልድዩን አልፌያለሁ፤ የገላ ውሃ ጣጂልኝ” የምትለዋ ነበረች። ቦታዋ ላይ ከላይና ከታች የነበሩት መልእክቶች ተጠጋግተው ገጠሙ፤ ምንም እንዳልነበረ።

ሴትየዋ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። ብትጮህ ይሻል ነበር።

“ሌላ…” ብለው ጀመሩ።

“መንገድ አልፈልግም!” አለች። “አንድም መንገድ አልፈልግም! ይልቅ ይህን ያዙልኝ።” የባሏን ስልክ መልሳ ሰጠቻቸውና አዲሱን ስልኳን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ ካሜራውን ከፈተች።

አቶ ሌላ መንገድ ደነገጡ። ስልክን በስልክ ማንሳት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ “መሰላል ተደግፎ እያለ በመስኮት መዝለል” ይሉት ነበር። አሁን ግን መስኮቱ አጠገብ ቆመው የወንድማቸውን ስልክ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቆሙት፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙረው። እሷ በአንድ ጣት በደህናው በኩል ወደ ታች እየጎተተች፣ በሌላው እጇ ታነሳለች።

“ቀና ላድርገው?”

“ትንሽ ብቻ። ዝም ብለው ይያዙት።”

ጥቁረቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የራሷ መልእክት ነበር፤ “ወንድምህ መጥተው ሲያስተምሩኝ ዋሉ። ራሴን አዞሩት።” ከሥሩ የባሏ መልስ፦ “ቻያቸው። እኔም ስክሪንሹት ከእሳቸው በፊት እንደማውቅ እንዳትነግሪብኝ። መጋዘኑን ከለቀቁ ወዲህ አንድ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው የለም።” ያኔ ስቃ አልፋው ነበር።

“ምነው ቆምሽ?” አሉ ከስልኩ በላይ አንገታቸውን እያሰገጉ። “ምን ይላል?”

አነሳችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደሚቀጥለው ገፋች። “ልብሱን አስገቢ ነው የሚለው።”

“እሱ መቼም ለልብስ!” አሉና ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት።

ጥቂት ገጾች እንዳነሳች ስክሪኑ ድርግም አለ። ስልኩን የያዙት ሰው አላዩምና፣ ደረታቸው ላይ እንዳቆሙት ቀሩ።

“ቀጥዪ እንጂ።”

“የለም፣ ጋሼ።”

“ሁሉንም አገኘሽ?”

“ግማሹንም አላገኘሁ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሄዱ።”

የሞተውን ስልክ የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት። ተቀመጡ። “ሌላ መንገድ” አላሉም፤ እሷንም ይህ አስፈራት። የተረፈውን ማሳየት ጀመረች፣ ስለ እሳቸው የተጻፈችዋን አንዲቱን ሳያዩባት ቶሎ እያለፈች።

“ጣቴ ገብቷል” አሉ ተሸማቀው። “እይ፣ በሁሉም ላይ ግራና ቀኝ አውራ ጣቴ ገብቷል። ይህንንም አበላሸሁብሽ። ግን ይቆረጣል፤ ዳር ዳሩን መቁረጥ ይቻላል።”

ቀረብ አድርጋ አየችው። ጥፍሩ ሰፊና አጭር ነው፤ ጫፉ ወደ ውጭ ጋደል ያለ። ወንድማማቾች መሆናቸውን ረስታው ነበር። ፎቶው ላይ ፊት የለም፣ ደረት የለም፤ ያለው የባሏ ቃልና ቃሉን ከግራና ከቀኝ የያዘው የባሏ አውራ ጣት ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የጻፈውን ሳይልክ አንዴ ሲያነበው ልክ እንዲህ ነበር የሚይዘው።

“አይቆረጥም” አለች።

“ፎቶውን ያበላሸዋል እኮ።”

“ይሁን። አንዱንም አልቆርጠውም።”

ሰውየው ግን አፍረው እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው ነበር።

“ጋሼ” አለች፣ “እጅዎን ያውጡ እስቲ።”

እጃቸውን አውጥተው ከመቀሱና ከጠመኔው መሃል አስቀመጡላት፤ እሷም ሳትነካው ቁጭ ብላ አየችው።