ደንቡ ላይ የሌለ ሸክም

ደንብ ከሚወድ ሰው ጋር ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሱቁ ሁሉ በሚዘጋበት እሁድ፣ መሳለሚያ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ ከሙሉጌታና ከከድር ጋር እጫወት ነበር። ጨዋታው በወረቀትና በእርሳስ ነው፤ እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ የጻፍነውን ጀግና ሆነን በሐሳብ ዘንዶ እንገድላለን። ሙሉጌታ ግን ዘንዶውን ትቶ ፎቶ ኮፒ የተደረገውን ደንብ ይጠብቃል። ምን ይደረግ፣ ደንብም ጠባቂ ይፈልጋል!

አንድ እሁድ የከድር ጀግና ዋሻ ውስጥ እግሩ ተሰበረ። ዘንዶው እየመጣ ነው።

«የእኔ ጀግና ተሸክሞት ይውጣ» አልኩ።

«አይቻልም» አለ ሙሉጌታ። «ጀግና የሚሸከመው የራሱን ክብደት ግማሽ ብቻ ነው። ገጽ ዐሥራ አራት።»

«እና ልሙት?» አለ ከድር።

«እኔ ምን ላድርግ? ደንቡ ነው!»

ጆንያ ላይ አረፍ ብለው ሲሰሙን የነበሩት ተሸካሚው ጋሼ ተካ ተነሡ። ሙሉጌታን እንደ ቦንዳ ትከሻቸው ላይ ጥለው የመጋዘኑን ደረጃ ወጡት።

«አሁንስ?» አሉት።

ሙሉጌታ ቁልቁል እንደተዘቀዘቀ ትንሽ አሰበ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኩሊ ነዎት። ደንቡ የሚያወራው ስለ ጀግና ነው።»

ከድር ላጲስ አቀበለኝ። ወረቀቴ ላይ «ጀግና» የሚለውን አጥፍቼ «ኩሊ» ብዬ ጻፍኩና ከድርን ተሸክሜ ከዋሻው ወጣሁ።