ቡርንስቪል የተገኘው የግሪክ ዓምድ

[ቡርንስቪል፣ በስደት አገር ያለ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ። በረዶው ላይ አንድ ነጭ ዓምድ ተጋድሟል። ጌዲዮን በስልኩ እየዞረ ፎቶ ያነሳዋል፤ በሠርጉ ሚዜው የነበረው ባይሳ አጠገቡ ቆሟል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የግሪክ ቅርሶችን በዲጂታል የሚመዘግበው ድረ ገጽ ጥቆማ መቀበሉን ዛሬ ያቆማል። ጌዲዮን ደግሞ ስሙ እዚያ እንደሚወጣ ለመዘምራኑ ሁሉ አውርቷል።]

ጌዲዮን፦ በእጅህ አትንካው አልኩህ እኮ። ላብ ቅርስ ይበላል።

ባይሳ፦ ጓንት አድርጌያለሁ።

ጌዲዮን፦ ጓንትም ያልበዋል።

ባይሳ፦ ግን ጌዲ፣ የግሪክ ዓምድ ቡርንስቪል ምን ይሠራል?

ጌዲዮን፦ አንተስ ምን ትሠራለህ? ሰው ከተሰደደ ዓምድን ማን ይከለክለዋል? [በዜማ]
ያ ነጭ ምሰሶ፣ የባሕር ማዶ ሰው፤
ዘመድ ቢያጣ ጊዜ፣ በረዶ አለበሰው።

ባይሳ፦ [ዓይኑን እየጠረገ] ሆዴን አባባኸው። ወደ ብርሃኑ ላምጣልህ? [ዓምዱን በአንድ እጁ አንስቶ ትከሻው ላይ ያደርገዋል።]

ጌዲዮን፦ ቀስ። ሁለት ሺህ ዓመት ነው የተሸከምከው።

ባይሳ፦ ሁለት ሺህ ዓመት እንዲህ ይቀላል?

ጌዲዮን፦ እብነ በረድም እንደ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ይከሳል።

ባይሳ፦ ይቺ ቀይ እድፍስ?

ጌዲዮን፦ ወይን ነው። ንጉሥ ሲነግሥ ያፈሰሱት። እንካ፣ የድረ ገጹን ፎርም ሙላልኝ፤ ጣቴ ደንዝዟል።

[ባይሳ ስልኩን ተቀብሎ አንድ በአንድ ይነካካል። ጌዲዮን ለመዘምራኑ የሚያደርገውን ንግግር ለብቻው ይለማመዳል።]

ባይሳ፦ «መጀመሪያ የቆመበት ቦታ» ይላል።

ጌዲዮን፦ አቴንስ በል።

ባይሳ፦ እዚሁ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው እንጂ። ከኬኩ በስተግራ።

ጌዲዮን፦ የምን ኬክ?

ባይሳ፦ የሠርግህ ነዋ። ለጌጥ የመጣውን ዓምድ ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ደግሞ ወይን አይቀዳም፤ ያ የእንጆሪ ጁስ ነው፣ ኬክ ስትቆርስ በክርንህ የደፋኸው። ሳሎናችሁ የተሰቀለው ፎቶ ላይ እኮ ተደግፈኸዋል።

ጌዲዮን፦ ያን ቀን ከሙሽራዬ ከሊና ሌላ ምንም አላየሁም።

ባይሳ፦ አውቃለሁ። የጣልከውን ቀለበት ያገኘሁትም እኔ ነኝ።

ጌዲዮን፦ ታዲያ ይህን እያወቅህ ዝም ትላለህ?

ባይሳ፦ አዋቂው አንተ አይደለህ?

ጌዲዮን፦ በል ፎርሙን ሰብሚት እንዳታደርገው፣ እንዳይላክ።

ባይሳ፦ አደረግሁት። «ተጨማሪ ፎቶ» ሲለኝ የሠርጉን ጨመርኩበት። «ሁኔታ» ለሚለው «ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲያዩት ግን ያምራል» ብያለሁ።

ጌዲዮን፦ ዓምዱን ማለትህ ነው አይደል?

ባይሳ፦ ፎቶው ላይ ሁለታችሁም አላችሁ፤ እነሱ ይለዩት።