ተቀመጡ የማይባልበት ቤት

በአሜሪካ፣ በሴንት ፖል ከተማ ሽማግሌ ለመሆን መሸምገል አያስፈልግም። ጥቁር ሱፍ ካላችሁና ቅዳሜ ኦፍ ከሆናችሁ ይበቃል። እኔ ሁለቱንም ስለማሟላ በከተማችን አንቱ የተባልኩ ሽማግሌ ነኝ።

የሽምግልና ጥበብ ደግሞ፣ ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፣ ያለው ምላስ ላይ ሳይሆን ጉልበት ላይ ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ቤት ገብታችሁ «ተቀመጡ» ስትባሉ አትቀመጡም። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ትላላችሁ። ባለቤቱ ይለምናል፣ እናንተ ትግደረደራላችሁ፣ በዚህ መሐል ጋብቻው ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል በሚል እምነት ላይ ነው። ባይልስ? ይህን አባቶቻችን አላሰቡበትም።

ባለፈው ጸደይ ናሆም፣ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዶ ሚኒያፖሊስ ነርስ የሆነው ልጅ፣ ክሌር የምትባል የሥራ ባልደረባውን ላግባ አለ። አባቷ የሚኖሩት በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ፣ ከጥጥ እርሻና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ብዙ ነገር በማይታይበት፣ ካውንቲ በሚሉት የገጠር ወረዳ ነው። የናሆም አባት በሕይወት ስለሌሉ ሽምግልናውን የሚመሩት ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ በየነ ሆኑ። ጋሽ በየነ ሰባት ቤት አባቶቻቸውን በአንድ ትንፋሽ ይቆጥራሉ።

«ዘሯ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሺ ኢዝ ኤ ነርስ፣ ጋሼ» አለ ናሆም።

«ሥራዋን ማን ጠየቀህ! የዚህ አገር ጥቁር ቅድመ አያቱ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሄጄ አያለሁ። ቤቱ ቤት ካልሆነ ቃል ሳልተነፍስ እመለሳለሁ።»

የናሆም ፊት ጠቆረ። እናቱ ጋሼ ያልጠየቋት ሙሽራ ሰርግ ላይ አልገኝም ብለዋል። ጋሽ በየነ ደግሞ ያሉትን ያደርጋሉ።

ጋሽ በየነ፣ ናሆምና እኔ ሬንት ባደረግነው መኪና የክሌር አባት፣ ሚስተር ዊሊስ፣ የላኩልን አድራሻ ስንደርስ፣ ነጫጭ ዓምዶች የተሸከሙት፣ መግቢያው በትላልቅ ዛፎች የታጀበ ቤት ፊታችን ተገተረ። ጋሽ በየነ ከረባታቸውን አጠበቁ። «ቤትማ ይኸ ነው!» አሉኝ። ጥርጣሬያቸውን በረንዳው ላይ ጥለውት ገቡ።

ሚስተር ዊሊስ፣ ረጅም ሸበቶ ሰው፣ ጨብጠውን ወደ ሳሎን መሩን። የሐር ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው ቀይ ገመድ ተወጥሯል፤ ለእኛ ክብር መስሎኝ ነበር። እንደ ደንቡ ቆምን። እሳቸውም ቆሙ። ጠበቅን። ስለ መጋረጃዎቹ ዕድሜ ያወሩ ጀመር።

«ምነው፣ ተቀመጡም አይሉ?» አሉ ጋሽ በየነ በጆሮዬ።

«ጨዋ ሰው ቸኩሎ አያስቀምጥም» አልኳቸው። የማላውቀውን ሁሉ እንዲህ ነው የማብራራው።

ከዚያ ወደ መመገቢያው ክፍል አለፍን። ማዕዱ ተዘርግቷል፤ የብር ማንኪያ፣ ወይን፣ ፖም። ብሉ የሚል የለም። ጠጋ ብዬ ፖሙን ባየው ሰም ነው። ቀጥሎ መኝታ ቤት አስገቡን። እዚህ ላይ ጋሽ በየነ ደነገጡ፤ በሽምግልና ዘመናቸው የማንንም አባት አልጋ አይተው አያውቁም። ከዘራቸውንም ተደገፉ። ሽማግሌን ሳያስቀምጡ ማዞር በእኛ ደንብ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ልጅ የለንም፣ ሂዱ።

«እምቢ ተብለናል። ውጡ!» አሉ።

«ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ፣ ፕሊስ!» ናሆም እጃቸውን ያዘ። «ይሄ እኮ ሚዩዚየም ነው! የካውንቲው ቅርስ! መቀመጥ ክልክል ነው። እሳቸው አስጎብኚ ናቸው።»

ለካ ልጁ መኪና ውስጥ ነግሮን ኖሯል። በእንግሊዝኛ። እኛ ያን ጊዜ ሰባት ቤት እየቆጠርን ነበር።

«የሳቸው ቤት አይደለም?» አሉ ጋሽ በየነ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

ናሆም ሲተረጉምላቸው ሚስተር ዊሊስ ፈገግ አሉ። «የእኔን ኑ ላሳያችሁ» ብለው በጓሮ በር አወጡን። ከኋላ አንዲት ጎባጣ የጡብ ቤት አለች፤ ባሮቹ ያበስሉባትና ያድሩባት የነበረች። ጎብኚ እዚህ አይደርስም። ግድግዳው ላይ አንዱን ጡብ ጠቆሙን። ጭቃው ሳይደርቅ የተጫነበት የጣት ምልክት አለ፤ ትንሽ ጣት፣ የሕፃን።

«ትልቁንም ቤት፣ ይህንንም የሠሩት የእኔ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ጣቱ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ስማቸውን ያቆየልን የለም።» ከዚያ ወደ አንድ የእንጨት አግዳሚ እጃቸውን ዘርግተው «እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ።

ይኸው፣ ስንጠብቀው የዋልነው ቃል መጣ። በደንቡ እምቢ ማለት ነበረብን። ጋሽ በየነ ወዲያው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም። ቁጭ እንዳሉ ልጅቷን ለናሆም ጠየቁ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም።

ሚስተር ዊሊስ አሰብ አደረጉ። «ልጄ የመረጠችውን አልከለክላትም። ምርቃቴን የምሰጠው ግን ለማውቀው ሰው ነው። እኔ የመጣሁበትን አሳየኋችሁ። እናንተስ?»

ጋሽ በየነ ሰባቱን ቤት ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ናሆምም ለመተርጎም ተዘጋጀ። ዓይናቸው ግን ወደዚያ ጡብ ሄደና አፋቸው ተዘጋ። ሲከፈት በእንግሊዝኛ ነበር፣ ያለ አስተርጓሚ።

«ዳውንታውን ሚኒያፖሊስ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቡዝ አለች። እዚያ ተቀምጬ ትኬት እየተቀበልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ይሄንንም ጭምር» አሉ ናሆምን እያሳዩ።

ልብ በሉ፣ ጋሽ በየነ በእኛ መካከል የሚታወቁት «አስተዳደር ክፍል» እሠራለሁ በማለት ነበር። እውነቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ትንፍሽ ብለን አናውቅም።

ሚስተር ዊሊስ ጠጋ ብለው የጋሽ በየነን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «መርቄያለሁ» አሉ። «ለሰርጉ ስመጣ ያቺን ቡዝ ያሳዩኛል።»

ሰርጉ ሲቃረብ ጋሽ በየነ «ቀድመን እንያት» ብለው፣ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ዳውንታውን ይዘውኝ ሄዱ። ቡዟ የለችም። በቦታዋ ካርድ የሚውጥ፣ ሰላምታ የማያውቅ ማሽን ተተክሏል። ስሟ እንዳይነሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደበቋት ቡዝ! ማሽኑን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ፓርኪንጉን በጩኸት ሞሉት።

«ማንን አስፈቅደው ነው ያፈረሷት? ይሄ አገር ለቅርስ ምንም ክብር የለውም!»

ከኋላችን ለመውጣት የሚጠብቅ መኪና ክላክሱን ነፋ። ጋሽ በየነ ንቅንቅ አላሉም።