ዳሚትና ባለ አራት ጎማው ሞተር

(ሐምሌ 2006 ዓ.ም.፣ ቢቸና። የአንድ የከብት ክትባት ፕሮጀክት ቢሮ። ባለሙያው አስናቀውና የቢሮውን በቅሎ የሚጠብቀው ውበቴ የሞተር ካታሎግ ላይ አጎንብሰዋል። ውጭ ይዘንባል።)

አስናቀው፦ ቀዩ ነው ያልኩህ።

ውበቴ፦ ቀይ ላይ የዋልካው ጭቃ ይታያል፤ ጥቁሩ ይሻላል።

አስናቀው፦ ሞተር በመልኩ አይመረጥም።

ውበቴ፦ ታዲያ ቀዩን ያሉት እርስዎ አይደሉም?

አስናቀው፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) እሱ በባለሙያ ዐይን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ፣ ሞተርን ከባለሙያ ነው። አራቱም ጎማው ይነዳል፤ ጭቃ አይል ዳገት አይል። ነገ ሞጣ ሄጄ ፈርሜ አመጣዋለሁ።

ውበቴ፦ ዳሚትስ?

አስናቀው፦ ዳሚት ማን ናት?

ውበቴ፦ በቅሎዋ ናታ።

አስናቀው፦ ሞተሩ ሲገባ ትሸጣለች።

ውበቴ፦ እኔስ?

አስናቀው፦ አንተማ ጎማ ታጥባለህ።

(ውበቴ ካታሎጉን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባል።)

ውበቴ፦ ይሄ ሞተር የቆመው ምን ላይ ነው? ጨው ነው?

አስናቀው፦ በረዶ ነው።

ውበቴ፦ ይሄ ሁሉ? እኛ ጋ ጮቄ ተራራ ላይ እንኳ ቢወርድ ረፋዱን ይቀልጣል።

አስናቀው፦ ፈረንጅ አገር ወራት ይተኛል። እዚያ ላይ የሄደ የቢቸና ጭቃ ያቅተዋል?

ውበቴ፦ የእኛ ጭቃ እኮ ጫማ ይቀማል። የእርስዎን ቀምቶ የለ?

አስናቀው፦ ጫማው ልኬ ስላልነበረ ነው። ይልቅ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ።

ውበቴ፦ እኔ የማውቀው በቅሎ መግዛት ነው። ጥርሱን አዩት?

አስናቀው፦ ሞተር ጥርስ የለውም።

ውበቴ፦ ዕድሜው በምን ይታወቃል ታዲያ? እሺ፣ ቢሰምጥስ?

አስናቀው፦ እሱን ነው መጠየቅ። ፊት ለፊቱ የብረት ገመድ አለው። ዛፍ ላይ ታስርለታለህ፤ ራሱን ጎትቶ ይወጣል።

ውበቴ፦ ሜዳው ላይ ዛፍ የት አለ?

አስናቀው፦ (ካታሎጉን አገላብጦ) ዛፉ አብሮ አይመጣም።

ውበቴ፦ ወርዱስ?

አስናቀው፦ አንድ ሜትር ከሃያ፤ ይህን ጠረጴዛ ያህላል።

ውበቴ፦ (ጠረጴዛውን በክንዱ እየለካ) ሁለት ክንድ ተኩል መጣ። አያልፍም።

አስናቀው፦ በምን?

ውበቴ፦ በግንድ ድልድዩ። ክትባት የሚጠብቁት ከብቶች ከወንዙ ማዶ ናቸው። ድልድዩ ሁለት ክንድ አይሞላም። ዳሚትም ብትሆን ከነጭነቷ አታልፍም፤ እኔ ነኝ የክትባቱን ሳጥን አውርጄ በትከሻዬ የማሻግረው። ከዚያ እሷን ባዶዋን አሳልፌ፣ ማዶ እንደገና እጭናለሁ።

አስናቀው፦ ስለ ድልድዩ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ሪፖርቴን ግለጥ፤ ዘንድሮ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ።

ውበቴ፦ አሥራ አንዴ የተሻገርነው እኔ፣ ዳሚትና ክትባት የምትሰጠው ይርጋነሽ ነን። እርስዎ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኝተውን ይመለሳሉ።



አስናቀው፦ (ካታሎጉን ከድኖ) እውነትህን ነው። ውኃው ሲጮህ እፈራለሁ። ይኸው አምስት ዓመት ሙሉ ወንዝ የምሻገረው በእስክሪብቶ ነው። ደግሞ ሪፖርት ላይ ስሻገረው ድልድዩ ሰፊ ነበር።

ውበቴ፦ እስክሪብቶ ምን ወርድ አለው።

አስናቀው፦ ቆይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቀለም ስመርጥ ለምን ዝም አልክ?

ውበቴ፦ «ባለሙያ ሲናገር አይቋረጥም» ብለውኝ ነዋ።

አስናቀው፦ ብያለሁ። ያ ባለሙያ የሚባል ሰውዬ አፉን ቢይዝ ኖሮ ይሄኔ ሥራ ሠርተን ነበር። በል፣ የሞጣው ጉዞ ቀርቷል። ዳሚትም አትሸጥም፤ ነገ አብሬያችሁ ማዶ እሄዳለሁ።

ውበቴ፦ (ፊቱ በርቶ) እግዜር ይስጥልኝ። ድልድዩ ጫፍ ድረስ በእሷ ይሂዱ፤ እኔ እስባታለሁ።

አስናቀው፦ ውበቴ።

ውበቴ፦ አቤት።

አስናቀው፦ ትራገጣለች እንዴ?

ውበቴ፦ የምታውቀውን ሰው አትነካም።

አስናቀው፦ እኔንማ ታውቀኛለች። አምስት ዓመት አብረን ሠርተን!

ውበቴ፦ እሱ ሪፖርቱ ላይ ነው። እሷ ደግሞ አላነበበችውም።