ሁለተኛው አርባ ደቂቃ

ጊዜ አነሰኝ እያለ ለሚያማርር ሰው ጊዜ ጨምራችሁለት ታውቃላችሁ? ሞክሩት፤ ወዲያው ይደነግጣል። እኛ የሆሳዕና ከተማ ሰዎች በጊዜ ስስት አንታማም። ሰባኪያችን «ላጠቃልል» ካለ በኋላ እንኳ ሌላ ስብከት የሚያህል ነገር ይቀረዋል፣ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ሰዎች ነን። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት በአርባ ደቂቃ ፔሬድ ሳስተምር ተማሪ በወደቀ ቁጥር አንድ ምክንያት ነበረችኝ፤ ጊዜ የለም። ወላጅ ሲሰማት ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ከስልጠና ተመለሱና ፔሬዱ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመር አሉ። ሒሳብ በሳምንት አራት ቀን አርባ ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቀን ሰማንያ ደቂቃ ሆነ፤ ለአንድ ሴሚስተር፣ ለሙከራ። ስብሰባው ላይ አጥብቆ የተቃወመ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። አንድ ቀን የቀረ ልጅ ሁለት ፔሬድ ያመልጠዋል ብዬ ተከራከርኩ፤ ይህ እውነት ነው። ለእናንተ ግን ያልተናገርኩትን እውነት ልንገራችሁ፤ እኔ የነበረኝ የአርባ ደቂቃ ትምህርት ብቻ ነበር።

አስተማሪነቴ እንዲህ ነው። ስም እጠራለሁ፣ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አብራራለሁ፣ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «አዎ ቲቸር» ይሉኛል፣ ደወሉ ይገላግለናል። የመጀመሪያው የጥምር ቀንም እንደ ልማዴ ጨረስኩ። ደወል የለም። ጥያቄ ያለው አልኩ፤ ማንም የለውም። ሰሌዳውን ቀስ ብዬ አጠፋሁ። ንጹሑን ሰሌዳ እንደገና አጠፋሁ። በመጨረሻ እርስ በርስ ተወያዩ ብያቸው ተቀመጥኩ።

ክፍሉ በአገሬው ቋንቋ በሀዲይሳ ተሞላ። እኔ የዶዮገና ሰው ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በከምባቲሳ ነው። ግን ሆሳዕና ስኖር ያገባሁትም የተጣላሁትም የታረቅሁትም በሀዲይሳ ነው። ክፍል ስገባ ብቻ እንደማልሰማ እሆናለሁ፣ ክብር መስሎኝ። ልጆቹም የማልሰማ መስሏቸው በነፃነት ያወራሉ። አንዷ ጓደኛዋን ስሎፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው ስትላት ሰማሁ። ጓደኛዋ እኔንጃ፣ ዝም ብለሽ ቀንሰሽ አካፍይ አለቻት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው እንግዲህ። ከዘጠነኛ ጀምሮ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ።

የጠየቀችው ልጅ ታደለች ናት። ቤቷ ከሞርሲቶ ማዶ ነው፤ እዚህ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ ትማራለች፣ በየሳምንቱ እየሄደች የስንቅ ቆጮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። በሒሳብ ሁለት ፈተና ተከታትላ ወድቃ፣ ትምህርቱን ልትተው የክፍል ኃላፊዋን፣ ማለትም እኔን፣ መልቀቂያ ጠይቃኝ ነበር። የቀረው እናቷ መጥተው መፈረም ነው። ምክር ልሰጣት ፈልጌ ጊዜ አልነበረኝም። ፎርሙን ግን ሞልቼላት ነበር።

ተነሣሁና ስሎፕ ማለት የመስመር ዳገትነት ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ዳገት ሣልኩ። ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው ዳገት ላይ አሥር እርምጃ ወደ ፊት ስትሄዱ ስንት እርምጃ ያህል ወደ ላይ ትወጣላችሁ ብዬ በሀዲይሳ ጠየቅኩ። የዶዮገና ቅላጼዬን ሲሰሙ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ታደለች አልሳቀችም። ዳገቱን በጀርባዋ ታውቀዋለች።

«ሦስት» አለች። «ከወንዙ ወዲያ ግን አምስት ነው። መንገዱ አንድ መስመር ከሆነ ለምን ይለያያል?»

«ለምን ይመስልሻል?»

የሣልኩትን ዳገት ከታች እስከ ላይ በዓይኗ ተከተለች። ቸኩዬ ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ይቀረናል። አፌን ዘጋሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልሠራሁት ሥራ ይኸው ነበር።

«ቀጥ ያለ አይደለማ!» አለች በመጨረሻ። «ቀጥ ቢል ኖሮ የትም ብንለካው አንድ ይሆን ነበር።»

ጠመኔውን ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው አርባ ደቂቃ የእነሱ ነው። ሁሉም ጎበዝ ሆነ አልላችሁም። ኋላ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ይተኛ የነበረ ልጅ አሁን ሰማንያ ደቂቃ ይተኛል፤ ለእሱም ጠቅሞታል። ታደለች ግን የሚቀጥለውን ፈተና አለፈች፤ በጠባብ ቢሆንም አለፈች። ስለ መልቀቂያው እሷም አላነሣችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

እናቷ ግን መጥተው እንዲፈርሙ ቀድሞ የተላከላቸውን መልእክት ይዘው አንድ ዓርብ መጡ። ጥበቃው ደወል እስኪደወል ይጠብቁ አላቸው። ደወሉ አልደወል ሲላቸው ቀስ ብለው ወደ መስኮታችን ተጠጉ። ለካ ሴትየዋ እዚያ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ልጃቸው ሰሌዳው ፊት ሆና ጓደኞቿን ታፋጥጣለች፣ እኔ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እሠራለሁ።

ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ወጣሁና ሰላም አልኳቸው። ፎርሙን አውጥቼ፣ እንዴት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ፣ ዘረጋሁላቸው። ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ በሀዲይሳ፣ ረጋ ብለው፣

«መምህር» አሉኝ፣ «ልጄ ቆማ ታስተምራለች፣ እርስዎ ተቀምጠው ይማራሉ። ታዲያ ይህን ወረቀት መፈረም ያለበት ማን ነው?»

ፎርሙን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና መኪና ሳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።