ፓስታ በዶሮና በወተት አናት

በዚያ ዘመን ልንዘጋው ያልቻልነው ነገር ቢኖር ሽታ ነው። አፋችንን ዘግተናል። መስኮታችንን ገና ጀምበር ሳትጠልቅ እንዘጋለን። ሬዲዮ የምንሰማውም ጆሯችንን ለጥፈን፣ አንድ ዓይናችንን በሩ ላይ ተክለን ነበር። ሽታ ግን የግድግዳውንና የቆርቆሮውን መጋጠሚያ አያጣውም፤ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጎረቤት ሥጋ አገኘ፣ ወጥ አረረበት፣ እንግዳ መጣበት፣ ሁሉንም በአፍንጫችን እንደርስበታለን። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃዎችማ ከጠመንጃቸው ይልቅ አፍንጫቸው ይሠራ ነበር ብል አላጋነንሁም። ጠመንጃው አንዳንዴ ጥይት አልነበረውም።

እኔ መካኒክ ነኝ። በመንፈስ፣ በጥላ፣ በባዶ ቤት ኮቴ አላምንም። ማሽን ሲንቋቋ ወይ ዘይት አንሶታል ወይ ብሎን ላልቶበታል፤ ሦስተኛ ምክንያት አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ወደ በኋላ ስደርስ «ይሄ ሰውዬ ለካ ፈሪ ነው» እንዳትሉኝ ነው። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፤ አምኜ ግን አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ስመጣ ወንደላጤ ነበርሁ። ቀበሌው ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሰጠኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በዚያን ጊዜ ቤት ለማግኘት ሲል ሚስት የሚያገባ ነበር፤ እኔ ያለ ሚስት አገኘሁ። ግራ የገባኝ፣ ከጎረቤት አንድም ሰው ደጃፌን አለመርገጡ ነው። ሰላምታ አይነፍጉኝም። ከአጥር ወዲያ ሆነው «እንዴት አደርህ?» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን እኔን አልፎ በሬን ያያል። «ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበር?» ስላቸው የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «እንጃ»። ስንት ዓመት አጥር የተጋራ ሰው «እንጃ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ደግሞ የአጥሩ በር አለላችሁ። ማታ መቀርቀሪያውን በእጄ አስገባለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ሌባ ነው እንዳልል የጠፋ ነገር የለም። በግቢው ከእኔ ሌላ የሚኖሩት በጓሮ በኩል ባለችው አንዲት ክፍል ያሉት እማማ አንጓች ብቻ ናቸው። የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚከናነቡ፣ ዳዊታቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ባልቴት ናቸው። «እማማ፣ ይሄን በር የሚከፍተው ማነው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ነፋስ ይሆናል ልጄ» አሉኝ።

መቀርቀሪያ የሚስብ ነፋስ! የብረት ሥራ እኮ አውቃለሁ።

ቤቱ ውስጥ ከቀድሞው ነዋሪ የቀረ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ቡፌ። ቤቱ ታሽጎ ዕቃው ሲወሰድ በበሩ አልወጣ ብሎ የቀረ ነው። የግራውን በር ስትከፍቱት በውስጥ በኩል፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት የምግብ አሠራር ተጽፎበታል። ርእሱ «ፓስታ በዶሮና በወተት አናት» ይላል። ስኒ ባስቀመጥሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋዋለሁ። ወንድ ልጅ ምን አግብቶት?

አንድ ማክሰኞ ግን አገባኝ። ወፍጮውን የጠገንሁለት የመራዊ ሰው፣ ለምስጋና ብሎ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዞልኝ መጣ። ምስኪኗ አውቶብስ ጣሪያ ላይ ስትንገላታ ውላ አንገቷን ደፍታለች፤ አሁኑኑ ካላረድኋት ልትሞትብኝ ነው። ካረድኋት ደግሞ ዛሬውኑ ማለቅ አለባት፤ ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር ደግሞ በስም ነው የማውቀው። ዶሮ ወጥ እንዳልል እሱ የሰንበት ሥራ ነው፤ ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ባለሙያ ይፈልጋል። እኔ ከሥራ የገባሁት ገና አሁን ነው። ተሰልፌ ያገኘሁት የቀበሌ ሱቅ ፓስታ አለኝ። ካሮትና ፎሶሊያ ገዝቻለሁ። ትናንት የገዛሁት ወተትም በማሰሮ ተቀምጧል። ምን ቀረኝ? መስኮቱን ዘጋሁ፣ ፎጣ ወገቤ ላይ አሰርሁ፣ የላምባ ምድጃዬን ለኮስሁና የቡፌውን በር ከፈትሁት።

የጽሑፉ ጠባይ ገና ከመጀመሪያው አላማረኝም። የምግብ አሠራር ነው አልኋችሁ? ሰው ያናግራል እንጂ! «ዶሮዋን በጨው ቀቅዪ። ውኃውን እንዳትደፊው፤ አውቅሻለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ውኃውን ልደፋ ድስቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀስ ብዬ መለስሁት። «ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተሽ በጣትሽ ቦጫጭቂው። ብልት አትቁጠሪ፤ ይሄ ወጥ አይደለም።» ፈረሰኛው የቱ ነው እያልሁ ሳገላብጥ ነበር። «ሽንኩርቱን በለጋ ቅቤ አቁላዪ፤ ካሮቱንና ፎሶሊያውን አድቅቀሽ ጨምሪበት። ይሄን ስታነቢ ሽንኩርቱ አረረ፤ አውርጂው!» ዞር ስል ጢሱ ቤቱን ይዞታል።

ሣቅሁ። ብቻዬን ስስቅ ግን ሣቁ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ጉማሬ አጉረመረመ። ከወትሮው ቀረብ ያለ መሰለኝ።

«ያደረውን ወተት አናቱን ግፈፊ። አንድ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በትኚበትና ሳታቋርጪ አማስዪ። ወተቱ ሲነሣ ከአጠገቡ አትራቂ፤ መቼም መራቅሽ አይቀርም።» ይህን ላነብ ብዬ ርቄያለሁና ከኋላዬ ሹሹሹ ሲል ሰማሁ፤ ገንፍሏል። አሁንስ ላብ ጀመረኝ። «ገውዟ ከታችኛው መሳቢያ አለች፤ ፈቅፍቀሽ ጣዪበት።» ያን መሳቢያ በየቀኑ እከፍተዋለሁ፤ ከአቧራ በቀር ምንም የለበትም። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድሁት። ከጥጉ አንዲት ድቡልቡል የቅመም ፍሬ ጣቴን ነካችው። በአንድ ጎኗ ተፈቅፍቃለች፣ ግማሿ አለ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ሽታዋ ዛሬ የተፈቀፈቀች ያህል ነው። ፈቅፍቄ ጣልሁበት። ፓስታውንም ባልደፋሁት የዶሮ ውኃ ቀቅዬ ሁሉን አደባለቅሁት።

የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ «እሳቱን አሳንሰሽ ጠብቂኝ። አልቆይም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ድስቱን አውርጄ እበላ ነበር። ያን ማታ ግን እሳቱን አሳንሼ ተቀመጥሁና ጠበቅሁ። ማንን? እኔን አትጠይቁኝ። ውጭው ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ቅቤው፣ ወተቱ፣ ገውዙ ቤቱን ሞልቶ በቆርቆሮው ሥር መውጣት ጀምሯል። ይጫወቱ የነበሩት የሰፈር ልጆች ድንገት ዝም አሉ። ከአጥር ወዲያ ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ከዚያ እነሱም ዝም አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። ቀጥሎ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ የባዶ እግር ኮቴ፣ በጓሮ በኩል መጣና በሬ ላይ ቆመ።

«መጣሽ?» አለ አንድ ድምፅ።

ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። በሩ ሲገፋ የገቡት እማማ አንጓች ናቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቋል፤ ፀጉራቸውን አይቼው አላውቅም ነበር፣ ጥጥ ሆኗል። ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ድስቱን አዩ። ወገቤ ላይ ያሰርሁትን ፎጣ አዩ። ይሄኔ እግራቸው ከዳቸውና ደግፌ አስቀመጥኋቸው።

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ቡፌው ላይ ተጽፎ አግኝቼ...»

«ለእኔ ነው የጻፈችው» አሉ።

ቤቱ የእሳቸውና የልጃቸው የማኅሌት ነበር። ማኅሌት ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር፤ ይሄን ምግብ ከዚያ አምጥታ በሰፈሩ ከእሷ በቀር የሚሠራው አልነበረም። አንዳንድ ቀን ስታመሽ እናቷ እንዲጀምሩላት ትፈልጋለች፤ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ ሽንኩርት ያሳርራሉ፣ ወተት ያገነፍላሉ። ስለዚህ እየተቆጣች ጻፈችላቸው። ከዚያ ፀረ አብዮት ወረቀት ትበትናለች ተባለ፤ አንድ ማታ ከሥራ ሳትመለስ ቀረች። ሦስት ዓመቱ ነው። ቤቱ ሲታሸግ ለእሳቸው የጓሮዋ ክፍል ብቻ ቀረችላቸው።

«ስንቅ ይዤ ያልቆምሁበት እስር ቤት የለም» አሉኝ። «ስንቄን ቢቀበሉኝ፣ አለች እላለሁ። ልብሷን ቢመልሱልኝ፣ ሞታለች ብዬ አለቅሳለሁ። እንዲህ የምትባል አናውቅም አሉኝ። በቃ። የአጥሩንም በር የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ማታ ብትመጣ እንዳይዘጋባት። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ እማማ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል!»

«አሁን የነፍስ አባቴ፣ ነፍሷን አታንከራትቻት፣ ተዝካሯን አውጪ አሉኝ። የእሑድ ጠላ ተጠንስሷል። በሕይወት ያለች ልጄን ተዝካር ባወጣባትስ? ሞታ ከሆነስ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ፍትሐት ያስቀመጥኋት እናቷ ነኝ። አንተ የተማርህ ነህ፤ የቱን ላድርግ?»

የተማርሁት ሞተር ነው። ተነሥቼ ውኃ ቀዳሁላቸው።

እንዲህ እንዳለን በሩ በእርግጫ ተከፈተ። የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ አዛዥ ጓድ ታምሩ ነው፤ ከኋላው አንድ ጠመንጃ የያዘ።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል! የት አለች?»

«ማን?»

«ማን ትለኛለህ? ሰፈሩ ሁሉ ሸቶታል እኮ!»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ከፎጣዬ እስከ ጫማዬ አየኝ። «ወንድ? ጓድ መካኒክ፣ ማንን ነው የምታታልለው? ይሄን ወንድ ሠራው ብዬ ለሊቀ መንበሩ ሪፖርት ላቅርብ?»

አልጋዬን ገለበጡት። ቡፌውን ከፈቱ፤ የሰው ልጅ ሊገባበት የማይችለውን መሳቢያ ሳይቀር ጎትተው አዩ። ኮርኒሱን በአፈሙዝ ሲወጉት አቧራው ዘነበ፤ ሞት እንኳ ቢመጣ እራቴ ነውና ድስቱን ከደንሁት። ሲያጡ ጓድ ታምሩ ኮሌታዬን ያዘ። ንዴት አፉን ፈታው።

«ያን ማታ በታንኳ ካመለጠችን ወዲህ ያላየንባት መከራ የለም! ሐይቁን ተሻግረን ቁንዝላ ድረስ ሄደን ባዶ እጃችንን ተመለስን። አሁን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ፓስታ ትቀቅላለች?»

እማማ አንጓች ቀና አሉ።

«በታንኳ?»

«አዎ በታንኳ! አላውቅም ሊሉ ነው?»

«ቁንዝላም አላገኛችኋትም?»

«ብናገኛትማ እዚህ ምን እንሠራለን?»

«አሁንም ትፈልጓታላችሁ?»

«እንዴታ! ስሟ መዝገብ ላይ ነው፤ እስክትያዝ እንፈልጋታለን።»

ተነሡ። ቅድም የከዳቸው እግር አልነበረም። ሳህን አንሥተው፣ ድስቱን ከፍተው፣ ለጓድ ታምሩ ቆልለው ጨለፉለት። «ብላ ልጄ። ደክሞሃል» አሉት። ሰውየው ግራ ገባው። ኮሌታዬን ለቀቀ፤ ሳህኑን ተቀበለ፤ ጎረሰ። አኘከ፣ ቆም አለ፣ ፊቱን ቋጠረ።

«ሽንኩርቱ አርሯል» አለ። «እሷ አታሳርርም ነበር።»

ለካ በደህናው ጊዜ እዚህ ቤት በልቷል። ያረረው ሽንኩርቴ ምስክር ሆኖ አዳነኝ፤ ወንድ እንደሠራው አመነ። ሳህኑን ግን ጠርጎ ነው የበላው፤ ያም ጠመንጃ የያዘው ተሻምቶ በላ። ሲወጡ እማማ አንጓች እስከ አጥሩ በር ሸኟቸው። «ፈልጓት እሺ? እንዳትታክቱ፣ አደራ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ጓድ ታምሩ «አሮጊቷ ለየላት» እያለ ሄደ።

ተዝካሩ ቀረ። ጠላው ግን አልቀረም፤ እሑድ ጎረቤት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችን ገብቶ ጠጣው። የምን ድግስ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ከሥራ ስገባ እማማ አንጓች በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ብብታቸው ሥር ቀይ ዶሮ ይዘዋል።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ምንም። ያን ፓስታ ሥራልኝ። መስኮቱንም ክፈተው።»

«ኧረ እማማ! ይሸታቸውና ተመልሰው ይመጣሉ እኮ!»

«ይምጡ እንጂ ልጄ» አሉኝ ዶሮዋን እያቀበሉኝ። «የሞተ ሰው ማን ይፈልጋል?»