ከመቶ ሃያ መቶ ዘጠኝ

የሰው ልጅ መለየት ይወዳል። እስቲ የገዛ ቤታችሁን እዩት። የእንግዳ ብርጭቆ አለ፣ የቤተሰብ ብርጭቆ አለ፤ ሁለቱም የሚይዙት ውሃ ነው፣ ሁለቱም ሲወድቁ ይሰበራሉ፣ ነገር ግን በእንግዳው ብርጭቆ የጠጣ ልጅ ከእናቱ የሚደርስበትን ታውቁታላችሁ። የእሁድ ጫማ አለ፣ የሰኞ ጫማ አለ። ለአለቃ ስልክ የሚነሳበት ድምፅ አለ፣ ለወንድም ስልክ የሚነሳበት ድምፅ አለ። ይህን ሁሉ ለይቶ ማኖር ልፋት ነው። ልፋቱን ደግሞ እንደ እኔ መለየት እንጀራው የሆነ ሰው ነው የሚያውቀው።

እንጀራዬ ሙዚቃ መጫን ነው። ሆሳዕና ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ፣ በሯ አረንጓዴ የሆነች አንዲት ክፍል አለች። ስልካችሁን ወይም ፍላሻችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትነግሩኛላችሁ፣ እሞላላችኋለሁ። «አሁን ሰው ሁሉ ኢንተርኔት አለው፣ ማን ይመጣልሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። ኢንተርኔት እንዳለው እኔም አውቃለሁ፤ ካርድ እንደሌለው ደግሞ ከእሱ በላይ አውቃለሁ።

በክፍሏ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፣ በመካከላቸው መጋረጃ። ከመጋረጃው በስተቀኝ ያለው መዝሙር ብቻ፣ በስተግራ ያለው ዘፈን ብቻ ይጭናል። ደንበኞቼ አንዱን ጻድቁ፣ ሌላውን ኃጥኡ ይሏቸዋል። በእኛ ከተማ ይህ ቀልድ አይምሰላችሁ። አንዲት እናት ስልኳን ስትሰጠኝ «መዝሙር ብቻ» ብላ፣ ጭኜ እስክጨርስ ዓይኗን ከእጄ አትነቅልም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጇ በግራ በኩል ይገባል። እኔ ለሁለቱም ትንፍሽ አልልም። ሙዚቃ ጫኝ እንደ ሐኪም ነው።

መጋረጃው ግን የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ የክፍሏ ባለቤት የቲቸር ሄራሞ ነው። ቲቸር ሄራሞ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገሩና በሦስቱም የማይቀልዱ ሰው ናቸው። ከኮታቸው የግራ ኪስ ትንሿ አዲስ ኪዳንና ቀይ እስክሪብቶ አይጠፉም። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ እስክሪብቶው አልወጣም። እኔን ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል፤ ዘጠነኛ ክፍል ማለት የእኔ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ትምህርቱን ጥዬ ስወጣ ሦስት ጊዜ እናቴ ቤት ድረስ መጥተው ለመኑኝ። በሦስተኛው እንደማልመለስ ሲገባቸው «እንግዲያው ሥራ ያዝ» ብለው ይህችን ክፍል ሰጡኝ። ማንም ለእኔ የቤት ቁልፍ በማይሰጥበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። ያስቀመጡት ግዴታ አንድ ብቻ ነበር።

«የጌታ መዝሙርና ያኛው በአንድ ሳህን አይቀርቡም። የተቀላቀሉ ዕለት ቁልፌን ትመልስልኛለህ።»

ልብ በሉልኝ፣ «ያኛው» ነው ያሉት። ዘፈን የሚለውን ቃል እንኳ አልጠሩትም።

መለየቱስ ይቻላል፤ መከራው ማመሳሰሉ ላይ ነው። ዳምቦያ ሦስተኛ ኮምፒውተር አለኝ። እዚያ የአክስቴ ልጅ ማርቆስ በገበያ ቀን ይሠራበታል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ስላለው መጋረጃውን በፎልደር ነው የሠራው፤ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ዘፈን። ታዲያ እኔ እዚህ ያገኘሁት አዲስ መዝሙር እዚያ የለም፣ እሱ እዚያ ያገኘው የከምባትኛ ዝማሬ እዚህ የለም። በየሳምንቱ ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ፣ እንደ እንቁላል ታቅፌ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ያጠፋሁት ዘፈን በማርቆስ በኩል ዞሮ ይመለሳል። አንዱ መዝሙር ሦስት ቦታ ይገኛል፣ የተፈለገው ግን አንድም ቦታ አይገኝም። ደንበኛ ደግሞ አያዝንላችሁም፤ «ዳምቦያ ያለ ነገር ሆሳዕና ይጠፋል?» ብሎ ከእናንተ አልፎ ከተማውን በሙሉ ይሰድባል።

ይህ ሲመረኝ፣ ኮምፒውተሮችን እንደ መንትያ አንድ አድርጎ ያመሳስላል የተባለ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። ማክሰኞ ዕለት ጻድቁንና ኃጥኡን በገመድ አገናኘሁና አስነሳሁት። ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። በእንግሊዝኛ። አራት መስመር። ከሥሩ «ዬስ» እና «ኖ» አለ። እኔም በሕይወቴ ረጅም ጥያቄ በቀረበልኝ ቁጥር የማደርገውን አደረግሁ፤ ዬስ አልኩ።

ፕሮግራሙ ታዛዥ ነበር። እስከ ማምሻው ሲያጉረመርም ውሎ ጨረሰ። ገብቼ ሳየው መዝሙር የሚለው ፎልደር በቦታው አለ፣ ዘፈን የሚለውም በቦታው አለ። የዜማዎቹን ስም ግን ሁሉንም አውልቆ ቁጥር አልብሷቸዋል፣ ልክ እንደ ፈተና ክፍል ተማሪ። «እንዴት ያለ ሥርዓት ነው!» ብዬ ተደሰትኩ። በማግስቱ ዳምቦያ ሄጄ የማርቆስንም በዚያው ሥርዓት አስገባሁት።

ሐሙስ ጠዋት ቲቸር ሄራሞ መጡ። ቅዳሜ ሴት ልጃቸውን ይድራሉ። ሰርጉ ቦኖሻ፣ በአባታቸው ግቢ ነው። ፓስተሮች ይመጣሉ፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እንግዳ ሲመገብ በድምፅ ማጉያ የሚሰማ መቶ ሃያ መዝሙር ጫንልኝ ብለው ፍላሻቸውን ሰጡኝ። በስተቀኝ ገባሁ፣ መዝሙር የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ፣ መቶ ሃያ ቆጥሬ ገለበጥኩ፣ መለስኩላቸው። የፎልደሩን ስም አምኜ ውስጡን አላየሁም። አትፍረዱብኝ፤ አገሩ በሙሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ባጃጅ ነጂው ደግፌ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ። ዓርብ ማምሻውን ከግራ በኩል ሰማኒያ ዘፈን ጭኜለት ነበር።

«ስማ ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ባጃጄን ቸርች አድርገህልኛል።»

«ምን ሆነ?»

«ሰማኒያ ጫንኩልህ አላልከኝም? ሰባው መዝሙር ነው። ከግሮሰሪ ያሳፈርኩት ሰውዬ መንገድ ላይ አልቅሶ ንስሐ ገባ።»

«ተቆጣ?»

«የለም፣ መልስ አልቀበልም ብሎኝ ወረደ። እኔ ግን ዘፈን ነው ያልኩህ።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ቁጥሩን አሰብኩት። በእኛ ቤት መዝሙር ከዘፈን እጅግ ይበዛል፤ በዘፈኑ ፎልደር ውስጥ መዝሙር ከሞላ፣ በመዝሙሩ ፎልደር ውስጥስ? ሮጬ በስተቀኝ ገባሁና ከቁጥሮቹ አንዱን ከፈትኩ። መዝሙር። ሁለተኛውን ከፈትኩ። መዝሙር። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው የከዳችውን ልጅ ወገብ ማወደስ ጀመረ።

ማርቆስ ጋ ደወልኩ። እሱም ጋ እንደዚያው ነው። «ሦስቱ አንድ ይሁኑ አላልክም? ይኸው አንድ ሆኑ» አለኝ፤ አልዋሸም። ቲቸር ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ልጁን የሚድር ሰው ስልክ አያነሳም።

የቦኖሻ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አምስት ሰውና ሁለት ጆንያ በርበሬ ጫነ። እኔ በመስኮቱ በኩል የማየው ድንኳኑን ነው፤ ፓስተሮቹ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ለምርቃት ሲነሱ፣ ከድምፅ ማጉያው የዚያች ልጅ ወገብ ሲወርድባቸው። የክፍሏን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክፍሏን ማጣት ያንገበግባል፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ሦስት ጊዜ እናቴ ቤት የመጡት ሰው፣ በልጃቸው ሰርግ ላይ አንገታቸውን ሲደፉ ማየት ነው።

ይባስ ብሎ የሾፌሩም ፍላሽ ከማክሰኞ ወዲህ የጫንኩት የእኔ ሥራ ነበር። አንድ መዝሙር፣ አንድ ዘፈን፣ ሁለት መዝሙር እያለ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጅ አቅፈው አብረው ያንጎራጉራሉ። መዝሙሩ አልቆ ዘፈኑ ሲገባ እሳቸው አላቋረጡም፤ ልጁም አልነቃም። ከመኪናው ውስጥ የሚያልበው አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቦኖሻ ስደርስ ድንኳኑ ከሩቅ ታየኝ፣ ድምፅ ማጉያውም ከሩቅ ተሰማኝ። መዝሙር ነው። ተመስገን አልኩ። ግን ይህኛው ያልቃል፣ ቀጥሎ ይመጣል። በአንድ ዜማ ማለቂያና በሌላው መጀመሪያ መካከል ያለችው ዝምታ ስንት ዓመት እንደምትፈጅ የሚያውቀው እንደ እኔ የቆመባት ብቻ ነው። ቀጠለ፤ መዝሙር። እንደገና ዝም፤ እንደገና መዝሙር። በእንሰቱ ጥግ አልፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ድምፁን ወደሚቆጣጠረው ወደ ኳየሩ መሪ ወደ ታምራት ተጠጋሁና ፍላሹን አውጣልኝ ብዬ አንሾካሾክሁ። «ቲቸር ‹ከአንተ በቀር ማንም እንዳይነካው› ብለውኛል» አለኝ። ሊያስለቅቀኝ ሲገፋኝ፣ ሊያስለቅቀው ስገፋው፣ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘ።

ቲቸር ሄራሞ ናቸው። ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝ።

«ስንት ጫንክልኝ?»

«መቶ ሃያ፣ ቲቸር።»

«አሥራ አንዱ ልክ አይደሉም።»

ከግራ ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ለካ ሐሙስ ቤት እንደገቡ የሙሽራዋን ላፕቶፕ ተውሰው፣ በር ዘግተው፣ መቶ ሃያውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጠዋል። ዓርብ ተሲያት ነው የጨረሱት። አሥራ አንዱን ለቅመው ካወጡ በኋላ ነው ፍላሹን ለታምራት የሰጡት። በሠላሳ ምናምን ዓመት የማስተማር ዘመናቸው ሳያነቡ ያረሙት ወረቀት የለም፤ ሳያነቡ ማረምን አሁን በእርጅና፣ ጥርስ ሲነቀል፣ አይጀምሩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ አልጠረጠርኩም፤ የጠረጠሩልኝ እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ተቀላቀለ?»

ፕሮግራሙ ጥያቄ እንደጠየቀኝ ነገርኳቸው።

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«እንጃ ቲቸር። ብቻ ዬስ አልኩት።»

«ዘጠነኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ» አሉ።

ቁልፉን አውጥቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ቁልፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ጣቶቼን መልሰው አጠፉልኝ።

«ምሳ በልተሃል?»

እንደዚያን ቀን በቅቤ የራሰውን የቡላ ምግብ፣ አተካና፣ በልቼ አላውቅም፤ ሁለት ሳህን፣ ቅቤው ክርኔ ድረስ። ስሄድ ወረቀቱን ሰጥተውኝ «ቁጥሮቹን እያየህ ቤትህን አጥራ» አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ገለጥኩት። ከላይ በቀይ ተከቧል፦ ከመቶ ሃያ መቶ ዘጠኝ። ከሥሩ፣ ድሮ በየፈተና ወረቀቴ ላይ የሚጽፉት ቃል፦ «ጥያቄውን አንብበህ መልስ።» ቲቸር ሄራሞ ለእኔ እንደዚህ ያለ ማርክ ሰጥተው አያውቁም።

ሰኞ ጽዳቱን ስጀምር ነው ወረቀቱን በደንብ ያነበብኩት። ፋይሎቹ ስም እንደሌላቸው ነግሬያችኋለሁ፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። ቲቸር ግን ከየቁጥሩ ፊት የዘፈኑን ርዕስ ጽፈዋል። ከርዕሱ ቀጥሎ የዘፋኙን ስም ጽፈዋል። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን እኔ ራሴ፣ ዘፈን እንጀራዬ የሆነው ሰው፣ አላውቃቸውም ነበር። ከአንደኛው ጎን ደግሞ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ እንዲህ የሚል አለ፦ «ይህ በኋላ የተዘፈነው ነው። መጀመሪያ ካሴት ላይ የወጣው ይሻላል።»

ይህን የጻፉት «ያኛው» ብቻ የሚሉት ሰው ናቸው።

ያንን የመጀመሪያውን ፈለግሁት። ጻድቁ ጋ የለም፣ ኃጥኡ ጋ የለም፣ ማርቆስ ጋ የለም። የማመሳሰል ትርፉ ይኸው ነው፤ አንዱ ጋ የጠፋ ሦስቱም ጋ ይጠፋል። በመጨረሻ የተገኘው ደግፌ ከመቀመጫው ሥር በወረወረው፣ ክዳኑ በጠፋ፣ እኔ «ጣለው፣ አዲስ ልጫንልህ» እያልኩ ስሰድበው በኖርኩት አሮጌ ፍላሽ ውስጥ ነው። ከማንም ጋር ስላልተመሳሰለ ተረፈ።

ዘፈኑን ብቻውን በትንሽ ፍላሽ ገልብጬ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ምንድን ነው?»

«እርማት ነው፣ ቲቸር።»

ተቀበሉኝ። ምን እርማት ብለው አልጠየቁም። ፍላሹን የያዘው እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ኪሳቸው ሄደ፤ ወደ አዲስ ኪዳኗና ወደ ቀዩ እስክሪብቶ። የኪሱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ቀኝ ኪስ ውስጥ ገባ።

እሳቸው ፎልደር አይሳሳቱም።